ዘይቱ ሲነጣ

መጀመሪያ ይሙቅ።
ቀዝቃዛ ዘይት ግትር ነው፣ የያዘውን አይለቅ።
ሩብ ሰዓት ለብቻው ይዙር፣
ድምፁ ሰክኖ እስኪመጣ፣ ከማጉረምረም ወደ ማንጎራጎር።

ይህን ያሉኝ ጋሽ ዱካሞ ናቸው፣
አቶቴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጥገና ሱቃቸው፤
እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ምላሴ ረዥም፣ ጣቴ ቀጭን፣
«ዳዶ» ሲሉኝ የማቀብል ብሎን።

ፓምፑ በዕድሜ ይበልጠኛል፤
ክብደቱማ አይወራ፣ ወገብ ይሰብራል።
የፋብሪካው ስም ከጀርባው ተፍቆ፣ ቁጥሩ ብቻ ቀርቶ፣
አንድ እግሩ በባጃጅ ጎማ ቁራጭ ተተክቶ፣
ሥራው ባዶ መሥራት ነው።
ሌላው ማሽን ሁሉ አንድ ነገር ያወጣል፤ ይሄኛው
ከፍሪጁ አንጀት አየሩን መጦ፣ እርጥበቱን ስቦ፣
«እንካችሁ» የሚለው ባዶ ነው፣
ንጹሕ ባዶ፣ ለጋዙ ቤት የሚሆን።

የሐይቁ ጤዛ ግን በየቱቦው ተደብቆ ይመጣል፣
ከአሞራ ገደል ዓሣ ሻጮች ፍሪጅ ወጥቶ ዘይቱ ውስጥ ይሰርጋል፤
ዘይቱም ይነጣል።
በትንሿ መስታወት ሲያዩት አሬራ ይመስላል።
ያኔ ፓምፑ ይጮኻል እንጂ አይስብም፤
የጌጁ መርፌ ግማሽ መንገድ ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ ቢለምኑት አይወርድም።

«ከሞቀ አጥፊው። ብሎኑን ከሥር ፍቺው በቀስታ፣
ጣሳ ደቅኚ፤ ወደ አፉ ጋደም አድርጊውና
ጠብቂ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።
ቶሎ የሚፈሰው አያሳስብሽ፤
ዘግይቶ ጠብ የሚለው ነው ጉዱን የሚያወራልሽ።»
ጣታቸውን ነክረው፣ አሽተው፣ ያሸቱታል፤
የብረት ብናኝ ካለበት በማግኔት ይለቅሙታል።

ክዳኑ የተከፈተ ቀን፣ የምላጮቹ ፊት ወዴት እንደሚያይ
በከሰል ሳሉልኝ፣ ግድግዳው ላይ።
በነጭ ጋዝ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብናቸው፤
ክሩ በማይረግፍ ጨርቅ፣ በገዛ ሸሚዛቸው እጅጌ ወለወሏቸው።
ጋርኒሲዮኑን ከካርቶን እኔ ቆረጥኩ፤ ሦስቴ አበላሸሁ።
«አራተኛው ይበቃል» አሉ።

አንድ ክረምት፣ ዘይት ተወድዶ፣
«ግዢ» ብለው የሰጡኝን ብር ለጫማ አውዬው፣
ከጎረቤት ጋራዥ የሞተር ዘይት በላስቲክ ቋጥሬ መጣሁ።
ቀለሙ ቀለሙን ይመስላል፣ ማን ያውቃል? ብዬ ሞላሁ።
ጋሽ ዱካሞ ካቻቢቴውን በብረቱ፣ እጀታውን በጆሯቸው፣
ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ብዙ ሰሙት።
ጫማዬን አዩ።
ምንም አላሉም።
ማታ ብቻቸውን አምሽተው አፈሰሱት፣ ሞሉት፣ አዞሩት፣
ደግመው አፈሰሱት፤
እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ፣
አዲሱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ።

ካረፉ በኋላ መዝገባቸውን ገለጥኩ።
በዚያ ነሐሴ፦ «ዘይት፣ ሦስት ጊዜ።» ዋጋው አለ።
ምክንያት በሚለው ዓምድ
ባዶ።
እንደዚያ ያለ ባዶ ፓምፑም ሠርቶ አያውቅ።

ዛሬ ሻሽቱ በር ላይ ናት፤ በረዶው ከሳፋዋ እየቀለጠ፣
ቆሮሶው ወደ ሰማይ እያፈጠጠ፣
አንድ አባ ኮዳ ከቆርቆሮው ላይ አንገቱን አስግጎ።
«ቆራሌው ቢወስደው አይሻልም?» ትላለች፣ ፓምፑን በአገጯ እያሳየች።
አልመለስኩላትም።
አዲሱን ዘይት እስከ መስመሯ ሞላሁ፣ ከመስመሯ አላሳለፍኩ።
ትንሿን የአየር ቁልፍ ከፈትኩለት፣ የዋጠውን ውሃ ይተንፍስ፤
ሃያ ደቂቃ። ከአናቱ ጉም ወጣ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። ዘጋሁ።
ቤቱን ቀለም ያስቀባሁ ጊዜ የከሰሉን ሥዕል አላስነካሁም፤
ዙሪያው ሰማያዊ ነው፣ እሱ እዚያው አለ፣
አንዱ ምላጭ ትንሽ ተንጋዶ።

መርፌው መውረድ ጀመረ።
ካቻቢቴውን በብረቱ፣ እጀታውን በጆሮዬ።
«ተሠራ?» ትለኛለች።
«ቆዪ» እላታለሁ፣ «ቆዪ፣ እየሰማሁ ነው።»