የማክሰኞ አገሮች

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ለማሽኑ ነው ዕጣው፣
ደምህን ሊያጥበው፣ አጥቦ ሊመልሰው።
እሑድ ለድካም ነው፣ ቅዳሜ ለልብስ፤
የቀረን ማክሰኞ፣ የቀረን ሐሙስ፤
ከነዚህ ላይ ቆርሰን ነው ዓለም የምንቀምስ።

ለዚህ ነው፣ ኤገን፣ አንተ ስትተኛ
ደብተር ዘርግቼ የማመሽ እንደ ዳኛ፤
ምስር እንደሚለቅም ሰው ደቂቃ እየለቀምሁ፣
ይህን ባቡር ጣልሁት፣ ያንን አስቀደምሁ።

ከአኸን መነሻው አሥራ ሁለት ከሩብ፤
ሊዬዥ ላይ ሲነጋ፣ ሰው ገና ሳይሰበሰብ።
ብራስልስ ባቡር መቀየሪያው ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤
ያንተ እግር ግን አሥራ አንድ ይፈልጋል፣ እኔው ነኝ የለካሁት።
ስለዚህ የሚቀጥለውን ጻፍሁ። ግማሽ ሰዓት ከሰርን፤
ከሰርን አይባልም፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ ካተረፍን።

ማስትሪኽትን በበጋ አየን፣ ሊልን በመስከረም፤
ሉክሰምበርግን በዝናብ፣ ጫማዬ እስከ ዛሬ አልደረቀም።
የአንዱንም አገር ሌሊት አናውቅም፣ ቀን ቀኑን ነው የተዋወቅነው፤
እንደ ጎረቤት፣ በር ላይ ቆመን ነው ሰላም ያልነው።

አንዴ፣ በጥቅምት፣ አውሮፕላን አሰብሁ።
ቬኒስ! ደርሶ መልስ፣ ዋጋውን አሰላሁ፤
ከኮሎኝ በጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ፣
ስድስት ሰዓት ተኩል ውሃ ዳር ለመንፈላሰስ።
ሰልፉን፣ ቀበቶ ማውለቁን፣ ሁሉን ደምሬ፣ ቀንሼ
ልገዛ ስል፣ ነርሷ ሲልከ ትዝ አለችኝ፤
“ስልካችሁ ቀን ከሌት ክፍት ይሁን” ያለችኝ።
ኩላሊት ከተገኘ ጥሪው አንዴ ነው፤
ያላነሳ እንደሆን፣ ዕጣው የሌላ ሰው ነው።
ደመና ላይ ሳለን፣ ስልኩ ተዘግቶ፣
ቢደወልልንስ፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ?
ሠላሳ ዓመት በልብስ እጥበት ቤት አንሶላ እንዳጠፍሁ፣
ካርታውንም እንዲሁ፣ ጥግ ለጥግ ገጥሜ፣ በአራት አጠፍሁ።
ቬኒስ በውሃዋ ትኑር፤
ለእኛ ምድር ለምድር የሚሄድ ባቡር።

እንዲህ ነው ኦስተንድ የመጣነው። ሐሙስ፣ የኅዳር ብርድ፤
ባሕሩ ግራጫ፣ ነፋሱ እብድ።
የቀኑ ውሃህ በትንሽ ኮዳ ተለክቶልህ፣
ያ ሁሉ ውሃ ደግሞ ፊትህ ተዘርግቶልህ፣
“አይ ጉድ!” ብለህ ሳቅህ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ።

ጓንቴን በጥርሴ ስስብ፣ ኪስ ለኪስ ስዳብስ፣
አንተ ቆመሃል፣ ኮትህን እየቆለፍህ፣ ለመመለስ፤
“የሰባት ሰዓቱ አለ፣ በብራስልስ፣ መስመር አራት” ትላለህ፤
ለካ የእኔን ደብተር በቃልህ ታውቃለህ!

ጫማ ሰፊው ነው። ተረከዜ ተጠግኗል፣
ዓርብ ሳይዘጋ ድረሺ ብሏል።
ዓርብ አይመቸንም አልሁት፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣
ደግነቱ ነፋሱ ነበር፣ በነፋሱ ተላከከ።

ተመልሰን ተቀመጥን። ማንም ምንም አላለ።
አንድ ውሻ ማዕበሉን እየጮኸበት ያባርራል፤
ማዕበሉ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመጣል።
ከኮዳህ አንድ ጉንጭ ወስደህ ከደንኸው፤
“ይሄ” አልህ፣ “ለመመለሻው።”