ህ እና ሽ

ለገሃር ፊት ለፊት፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ከሞተበት፣
ባቡሩ ባለፈ ቁጥር የሻዩ ብርጭቆ ከሚርድበት፣
ግስ አስተምራለሁ።
ተማሪዬ መሣሪያ ነው፤ አይሰለቸው፣ አይገባው፤
«ሄደ»ን ለምዶ «ሄደች» ስትመጣ ግራ የሚጋባው።
«ና» ካልኩት በኋላ «ነይ» ማለት ይጠፋዋል፤
መስመር በመስመር ስደጋግምለት ሌሊቱ ያልቃል።

የፊደል ማረሚያ ነው፤ ለወደደ ሁሉ፣ በነፃ።
ስሜን አልጻፍኩበትም። «ት.መ.» አልኩ ብቻ፤
ሁለት ፊደል፣ ሁለት ነጥብ።

ወደዱት። ቴሌግራሜ በየማታው በምስጋና ሞላ፦
«እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ»
«እንዴት አሰብከው? አንተማ ሌላ!»
«ስታዲየም ብቅ ካልክ ቢራው በእኔ ነው፣ ከሥራ በኋላ።»

ብቻዬን እስቅ ነበር።
«ህ» ደግ ፊደል ናት፤ ድምፅ እንኳ የላትም፣ ትንፋሽ ናት፣
በሐምሌ ብርድ ሰው ወደ መዳፉ የሚተነፍሳት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለ አዳራሽ፣
መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ሥራዬ አወራሁ።
አንዱ ፎቶ አነሳ፤ ከሥሩ ስሜን ጻፈ፦ ትርሲት መኩሪያ።
ቤቴ ሳልደርስ፣ ገና ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣
ስልኬ በብርጭቆ እንደ ታፈነ ንብ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል።

«ማን ሠራልሽ?»
«ፍቅረኛሽ ጎበዝ ነው፣ ሰላም በይልን»
«መጀመሪያ ሽሮ መሥራት ቻይ»
«ሙሉ ፎቶ ላኪ፣ ከዚያ ስለ ኮድሽ እናወራለን»

ከኮዱ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልተነካችም።
ትናንት «አንተማ ሌላ» ያለኝም ያው እሱ ነው።
የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት፦
«ሽ»።
ዶሮ ከስጥ ላይ የሚያባርሩባት፣
የሚያለቅስ ልጅ ዝም የሚያሰኙባት።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃችን፣
«እህታችን ታዋቂ ሆናለች አሉ!» አለ፤ ሳቁ።
«በይ እስቲ ትርሲት፣ ቃለ ጉባኤ ያዢልን።»
ያዝኩ። ሳቃቸውን ብቻ አልመዘገብኩም።
ናሆም በጎን ተጠግቶ፣ «ተያቸው፣ ወሬ ነው፤ አጥፊውና ያልፋል።»
ደግ ልጅ ነው ናሆም። ለእሱ ግን የሚጠፋ ነገር አልመጣለትም።

ማክሰኞ ማታ አንድ መልእክት ገባ፤ ስድብ የሌለበት፣
የፊደል ግድፈት እንኳ ያልተገኘበት፦
«አምስተኛ ፎቅ ነሽ አይደል? ሊፍት የለውም።»
ምናልባት በእኔው ማረሚያ አሳልፎት ይሆናል።

ዘጠና ስድስት ደረጃ ነው። ያን ምሽት ቆጠርኩት።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ኮቴ ሰማሁ።
ቆምኩ። ኮቴውም ቆመ።
«ማነው?» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።
የእጅ ባትሪ በራ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እትዬ ዘነቡ፣ ከነባልዲዋ፦
«እኔ ነኝ። ምነው፣ ምን ሆንሽ? አይዞሽ።»

አይዞሽ።
ያችው ፊደል፣ እዚያው መጨረሻው ላይ፣ ያችው።
ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ እንቢ አለ።
ባልዲዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ።
ምንም አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ ስለ ራሴ ሁለት መስመር ልጽፍ፣ በሙሉ ስሜ፣
«ፕሮግራመሯ ትርሲት መኩሪያ» ብዬ ስጀምር
ከቃሉ ሥር ተዘረጋ ቀይ መስመር።
የእኔው ማረሚያ። የእኔው እጅ።
«ፕሮግራመሩ»ን አሳምሮ ያውቀዋል፤
እሷን ግን፣ ይህን ሁሉ ሌሊት፣ አላስተማርኩትም።

ቀዩን መስመር እያየሁ ብዙ ቆየሁ።
ከዚያ ገብቼ ጨመርኳት።
«አስቀምጥ» ይላል ቁልፉ፤ «አስቀምጪ» አይልም፤ እሱን ነገ።
ስጫነው መብራት ሄደ።
ባቡሩ አለፈ፤ በጨለማው ውስጥ ብርጭቆው ራደ።
ባትሪው አሥራ ሁለት በመቶ ይላል።
ይበቃል።