የሉባባ ሻንጣ

ቤታችን ኮምቦልቻ፥ ከፋብሪካው ጀርባ፣
አቧራ እንደ ዘመድ፥ ሳያንኳኳ ሚገባ።
ሉባባ ስትመጣ፥ ከስምንት ዓመት በኋላ፣
ሻንጣዋን ሊያይ ቆሞ፥ ደጁ በሰው ሞላ።
ወርቅ ያለ ነበረ፤ ስልክ ያለ ነበረ፤
ዚፑ ሲከፈት ግን፥ ሁሉም ተደናገረ፤
አንድ የመስኮት ጎማ፥ እጀታው በክር የታሰረ፣
አራት ጨርቅ በቀለሙ፥ የተደረደረ።
እናቴ ዝም አለች። አጎቴ ይመር ሳቀ፦
«መወልወያ ሊያመጣ፥ ሰው ጅዳ ዘለቀ?»

በማግስቱ ግን እሷ፥ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣
ትምህርት ጀመረችን፥ በሥራ በሥራ።

«ከላይ ነው ሚጀመር፤ ድሩ ቀድሞ ይውረድ፤
ከታች የጀመረ፥ ሁለቴ ነው ሚነድ።
አፈሩን ስትጠርግ፥ ውሃ እርጭ በጣትህ፣
አለዚያ የጠረግኸው፥ ያድራል በደረትህ።
ማንቆርቆሪያው ሆዱ፥ ነጭ ድንጋይ ካበቀለ፣
አቼቶ ሙላበትና፥ ይደር እንዳለ፤
ጠዋት ራሱ ይለቃል።
መስታወት በጋዜጣ፤ ጋዜጣው ከሌለ፣
የዘጠነኛ ክፍል ደብተርህ፥ ለዚህ ከዋለ ዋለ።
ደም በቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ካየ ይጸናል፤
ቅባት ግን ተቃራኒው፥ ሙቅ ሲያገኝ ይሸሻል።
ቀዩ ጨርቅ ለሽንት ቤት፥ ሰማያዊው ለመስኮት፣
ቢጫው ለወጥ ቤት ነው፥ ማንም እንዳይሳሳት።»

«ነጩስ?» አልኳት።
እንዳልሰማ ሰው አለፈች።

«በረኪናን ከአሲድ፥ እንዳታጋባቸው።»
እዚህ ላይ ድምጿ ወረደ።
«እኔ ድሬያቸዋለሁ፥ ማንም ሳይነግረኝ፣
መስኮት በሌለው ሽንት ቤት፤ ጭሱ ጉሮሮ አነቀኝ፤
የአምስት ዓመት ልጃቸው፥ በር ከፍታ አወጣችኝ።»
ሳል ይዟት ነው የመጣች፤
በስልክ ግን ሁሌ «ደህና ነኝ»።

ሦስተኛው ቀን ይመር፥ ጉሮሮውን እየጠረገ መጣ፤
«እስቲ ያቺን ጎማ... የኔም መስኮት...» ሲል፥ ቃል አጣ።
ሰጠችው። አልሳቀችም።
«ከላይ ወደ ታች ሳበው» ብቻ አለችው፤
«ከንፈሩን ደግሞ በየመሃሉ አብሰው።»

ነጩን ጨርቅ ያየሁት ማታ ነው። የእናቴን መነጽር
ከፊቷ ላይ አውልቃ፣ በትንፋሿ ጭምር
ስታብሰው ቆየች፤ ለብርሃን አንስታ አየችው፤
ቀስ ብላ፣ ጆሮዋ ላይ፣ መልሳ ሰካችው።
እናቴ ያን ጊዜ፣ ከመጣች ወዲህ ገና
አንዴ እንኳ እንዳላያት፣ ዓይኗን ተክላ ቀና፣
ብዙ ዝም ካለች በኋላ፦

«ከስተሻል» አለቻት።