ሰባተኛው በር

ከቀፊራ ጀርባ፣ ቆርቆሮው በሚፈጅበት፣
የሰመድ ቪዲዮ ቤት።
መግቢያው ሁለት ብር፣ መቀመጫው የሳጥን ጣውላ፣
አንድ ቬንትሌተር፣ ዞሮ ዞሮ ለሰመድ የሚያደላ።

ሰመድ ተርጓሚ ነው።
ቻይንኛ? አንዲት ቃል አያውቅም፤ ወላሂ አያውቅም።
ማይኩን ከጨበጠ ግን ማንም አይጠይቅም።
በሱ አፍ የቻይና ንጉሥ "አቦ ተወኝ" ብሎ ይሞታል፤
ቀርከሃ ጫፍ ላይ የቆመ መነኩሴ የጫት ዕዳ ይጠይቃል።

ያንን ፊልም ግን እኔ ከሱ በፊት አውቀዋለሁ፣
በጣቴ ተጫውቼዋለሁ።
ፊልም ሳይሆን ጌም ነበር፣ ከዚራ፣ ነጂብ ጋ፣
አንድ ብር ለአስር ደቂቃ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ በዛ ሙቀት፣ በዛ ወረፋ።
የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ናት፤ መሣሪያዋ የተሰበረ መቅዘፊያ፤
እናቷን የዋጠ ዘንዶ ከወንዝ ሥር ከተማ አለው፣ የሙታን ማደሪያ።
ሰባት በር። ስድስቱን ዓይኔን ጨፍኜ እከፍታለሁ፤
ሰባተኛው ላይ እሞታለሁ።
ወይ እሞታለሁ፣ ወይ ሳንቲሜ ያልቃል፣
ወይ ልደርስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ መብራት ይጠፋል።
አውራ ጣቴ ቆስሎ፣
ዘንዶው እዛው፣ በሩ እዛው፣ ነጂብም "ቀጣይ!" ብሎ።

ሰመድ በሩ ላይ በከሰል "አዲስ! ቀዛፊዋና ዘንዶው" ሲል
ሳምቡሳዬን ለኢልያስ ሸጬ፣
ከፊት ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ ትንፋሼን ውጬ።

ከኋላ አንድ ቻይና ነበር፣ ሀዲድ ከሚዘረጉት፣
"ቻይና! ቻይና!" እያሉ ልጆች እስከ በር የሸኙት።
ቢጫ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደኛው ያልበዋል።

"ሰመድ! ወንድሟ አይደለም!"
"ሰመድ፣ መርዝ ነው እሱ፣ ጠላ አይደለም!"
"ዝም በል አንተ፣ ትርጉሙ የኔ ነው።"
"ጌሙን ተጫውቼዋለሁኮ!"
"እኔስ ዕድሜዬን ተጫውቼው የለ? ማን አሸነፈ?" አለኝ በማይኩ፤
ቤቱ ሙሉ ሳቁ።

በረረች። ከጣሪያ ጣሪያ፣ በዝናብ ክር ተንጠላጥላ፣
መቅዘፊያዋ እሳት እያዘለ፣ ሙታን በግራ በቀኝ ጥላ።
ሳምንት የፈጀብኝን በር
በአንድ እስትንፋስ፣ እንደ ሻሽ ቀዳው ነበር።
አራት። አምስት። ስድስት።
ሰባተኛው ተንቋቋ፣ ዘንዶው አንድ ዓይኑን ገለጠ፣
መብራት ሄደ።

ወይ ድሬ!
ፉጨት። ስድብ። "ሁለት ብራችንን!"
ሰመድ ማይኩን ትቶ፣ በባዶ ጉሮሮው ቀጠለ፦
"ዘንዶውም ዓይኑን ገልጦ 'ውሃ' አለ።
'ወንዜ ከደረቀ ወዲህ አሸዋ ላይ ተኝቼ፣
ሺህ ዓመት በር የዘጋሁት ሀብት ኖሮኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው፣ ተጠምቼ።'
እሷም መቅዘፊያዋን ጣለች፤
ከታንኳዋ ወለል የቀረውን ውሃ በእፍኟ ጨልፋ
አጠጣችው፤ እስኪጠግብ፣ እስኪያንቀላፋ።"

"ደቻቱ ነዋ!" አለ አንዱ ከጥግ። ማንም አልሳቀ።

ያኔ ቻይናው ተነሳ።
ተናገረ። ረጅም። ጨለማውን በእጁ ሲቀዝፍ
የሸሚዙ ድምፅ ይሰማል።
አንዲት ቃል ደጋገመ፦ "ሽዌይ... ሽዌይ..."
ሲጨርስ ሁላችን፦ "ሰመድ! ምን አለ?"
ሰመድ ጉሮሮውን ጠረገ፦
"'ሰመድ ልክ ነው' አለ።"

ሳቁ ቆርቆሮውን ሊነቅለው ደረሰ።
ቻይናውም አብሮ ሳቀ፤ በምን እንደሳቀ እንጃ።
መብራቱ በማግስቱ መጣ። ሲዲው ግን ተጭሮ ነበር፣
ሁሌ እዛው ይቆማል፣ በሩ ላይ።

ዛሬ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ትኬት እቆርጣለሁ፣
ከአለቆቼ ጋር በምልክት እግባባለሁ።
የመጀመሪያው ቀን፣ እኩለ ቀን፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣
አንዱ ባዶ ኮዳውን ነቅንቆ አሳየኝ፣
"ሽዌይ" አለኝ።

መስኮቱ ላይ ሰልፉ ይጮሃል፦ "አንተ ልጅ! ባቡሩ ሊሄድ ነው!"
እኔ የሰው ኮዳ ይዤ ቆሜያለሁ።