የመርፌ ያልሆነው

አሥራ አራት ዓመቴ፣ ድዴን ስነቀስ፤
መርፌው ሲመላለስ፣ ጥላሸት ሲፈስ፣
አክስቴ ራሴን ጭኗ ላይ አጋድማ
“ቻይው፣ ለጥርስሽ ነው” አለች፣ ዋይታዬን ሳትሰማ።
ጥቁር ተዘራብኝ፣ ነጭ እንዲያምርበት፤
ሳቄን ያየ ጎረምሳ መንገድ ጠፋበት።

ዛሬ አሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር፣
ቢላዋ ይዤ ነው የምውል ከዓሣ ጋር።
ገዢ ሲጠራጠር የቆሮሶን ጉንጭ ከፍቼ
“እይ፣ ውስጡ ቀይ ነው” እላለሁ አስፍቼ።
ቀይ ከሆነ ትኩስ፣ ከጠቆረ ውድቅ፤
የስንቱን አፍ ሳነብ፣ የራሴን ሳላውቅ።

መንጋጋዬን አመመኝ። ለእሱ ነበር ሄጄ፣
በባጃጅ እስከ ፒያሳ፣ ጉንጬን በነጠላ አስሬ፣ ማልጄ።
ወጣቱ ሐኪም ሌዳሞ ምላሴን ያነሣል፤
ጉንጬን ይገለብጣል፣ ላንቃዬን ይዳስሳል።
“ሰውዬ፣ ጥርሴን ነው!” አልሁ፣ አፌ በጣቱ ተሞልቶ፤
እሱ ግን ዝም አለ፣ አምፖሉን አስጠግቶ።

“ይሄን ማን ነቀሰሽ?”
                    “አክስቴ፣ በመርፌ።”
“ይሄንንስ?” አለ፤ በመስታወት አሳየኝ፣ ከላይኛው አፌ።
ምስር ታህላለች፣ ከምስርም ታንሳለች፤
ጠርዟ ወጣ ገባ፣ ግማሿ ጠይም፣ ግማሿ ጠቁራለች።
አክስቴ ላንቃዬን አልነካችም ከቶ።
መርፌ ያልወጋውን ማን ነቀሰው ገብቶ?

“አያምም” ስለው፣ “ክፋቷ እሱ” አለኝ፤
“ጥርስሽ ባይጮህ ኖሮ፣ ይህችን ማን ያሳየኝ?”
ሁለተኛው መርፌ አፌ ገባ ያን ዕለት፤
አደንዝዞ ቆንጥሮ ብልቃጥ ውስጥ ዘጋባት፤
‹ሽብሬ ዳንሳ› ብሎ ስሜን ጻፈባት።
የእሷንም ስም አልሸሸገኝ፦ “ሜላኖማ፣ የቀለም ካንሰር፤
ወይም ተራ ጠቃጠቆ። ናሙናው ይናገር።
አሥር ቀን ጠብቂ። ብትሆንም እንኳ፣ ሳትሰፋ ማየታችን
ነው ትልቁ ዕድላችን።”

ዛሬ ዘጠነኛው። ሐይቁ እንደ ልማዱ ጀልባ ያመላልሳል፤
አባ ኮዳ ከኋላዬ ቆሞ ቁራጭ ይጠብቃል።
እኔም እጠብቃለሁ።

ማታ ማታ ግን፣ በስልኬ ባትሪ
ለቤተሰቤ አፍ ሆኛለሁ መርማሪ።
“ምላስ አንሡ! ቀና! ዙሩ ወደ መብራቱ!”
ባሌ እንደ ሕፃን ያዛጋል፣ ይታያል ወርቅ ጥርሱ፣ ይታያል ላንቃው እስከ ጥጋቱ።
“እማዬ፣ ዓሣ ነን?” ይላል ታናሽየው፣ አፉን እንደ ከፈተ።
“ዓሣን ነው፣ ልጄ፣ አፉን የሚያዩለት አንዴ ከሞተ።”

ነገ አሥረኛው ነው።
ቢላዋዬን ለትርፌ አደራ ብያለሁ።