ሌላ ካለ ይገለጽ

ሄርማታ፣ ባጃጅ ተራው ጋ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣
ቅጼን በላስቲክ ጠቅልዬ ቆምኩ፤ አንድ ሰው ልጠይቅ ለአፍታ።

ስም አይጻፍም። መለያ ቁጥር፦ ሃያ ሰባት።
(ነዚፍ ነው። ከእህቴ ጋር ተምሯል፣ አንድ ወንበር፣ ስምንት ዓመት።)

እንዴት ጀመርክ?
«አጋሮ መንገድ ላይ ተገለበጥኩ፤ ጭኔ ተሰበረ፤
ሐኪሙ የአሥር ቀን አዘዘልኝ። አሥራ አንደኛ ቀንም ነበረ።»

ትራማዶሉን ከየት ታገኛለህ?
«ሱቅ። ከከረሜላው ጎን፣ በፍሬ። ስሜን አይጠይቁኝም፣
እንዳንቺው ቅጽ።»

ለማቆም ሞክረህ ታውቃለህ?
«ሦስቴ። አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ ፍራሹ በላብ ይርሳል፤
እናቴ ወባ ነው ትላለች። ወባስ መድኃኒት አለው፤ ይለቃል።»

ሆስፒታሉን ነገርኩት፤ የአእምሮ ሕክምናውን፣ የካርድ ማውጫውን መስኮት፤
አልጋው ስድስት ብቻ መሆኑን ግን ከምራቄ ጋር ዋጥኩት።

አዲስ አበባ ረቂቅ አለ፤ ረቂቁ ቁጥር ይፈልጋል፤
ቁጥሩ እኔን ይልካል፤ እኔ ነዚፍን እጠይቃለሁ፤ ነዚፍ
አንድ ፍሬ ይፈልጋል።

«ጨረስሽ?» አለኝ። አርባ አንድ ጥያቄ፣ አርባ አንድ ምልክት።
«አርባ ሁለተኛው የኔ ነው፦ ቆጥራችሁኝ ስታበቁ፣
ተመልሶ የሚመጣው ማነው?»

ከገጹ ግርጌ ማንም የማይሞላው መስመር አለ፦
ሌላ ካለ ይገለጽ።
እዚያ ጻፍኩት፤ አጥብቄ፣ ከሥር ባለው ወረቀት እስኪታተም።
ስልኩን ግን ቅጹ ላይ አይደለም፤ አይፈቀድም።
መዳፌ ላይ ነው። ማክሰኞ ካርድ ላወጣለት፣
ቆጪ እስክደርስ ዝናቡ እንዳያጥበው
ጨብጬ ሄድኩ።