ግራ ጓንት

በኢስቶኒያ ባሕር፣ ከቪርትሱ ሙሁ ደሴት
በምትመላለስ መርከብ ላይ
ወለል ወልዋይ ነኝ፤ ሄልቬ ይሉኛል።
ሰው የረሳው ሁሉ በእጄ ያልፋል፤
ጃንጥላ፣ መነጽር፣ የልጅ ጡጦ ክዳን፣
አንዴም ሙሉ ጥርስ፣ ከነፈገግታው፣ በመሐረብ ሽፍን።

በኅዳር ወር ማታ፣ ባሕሩ ሲያጓራ፣
ከወንበር ሥር አገኘሁ አንዲት የሱፍ ጓንት፣ ግራ።
ቀይና ጥቁር ጥለት፣ አውራ ጣቷ ላይ ተደርታ፤
ቀኟ ግን የለችም፣ ማን ያውቃል የት ቀርታ።
ግራ ገብቷት ሳያት እኔም ግራ ገባኝ፤
ከሠላሳ ቀን በኋላ መጣል ነበር ደንቡ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በውስጧ የተጣጠፈ ደረሰኝ አገኘሁ፣
ሻማና እርሾ ይላል፣ የሙሁ ሱቅ ነው፤ ለሱቁ ላክሁ።
"የማን ናት?" ብቻ ነው የጻፍኩት።

በወሩ መልስ መጣ፦ "ጥለቷ የኛ አይደል፤ የኛ ብርቱካን ያበዛል፤
ወደ ቮሩ ልኬያታለሁ፣ ጥለት የሚያነብ ሰው እዚያ አለ ይባላል።"
እንዲህ እንዲህ እያለች ጓንቷ መንገድ ለመደች፤
ባለቤት ፍለጋ፣ ከማያውቃት ወደማያውቃት ሄደች።

ኤርና ከቮሩ፣ ዓይኗ የደከመ፣ ጥለቱን በጣት አነበበች፤
"የኛም አይደለች" ብላ የተፈታ ጫፏን በሰማያዊ ክር ቋጨች፤
ትንሽ ደብተር ሸጉጣባት፣ "የነካት ሁሉ ይጻፍ" አለች።

ጻፉ።
ከታርቱ አንድ ተማሪ የቤት ኪራይ ዕዳውን ጻፈ፤
ከፓርኑ አንዲት አዋላጅ፦ "ዛሬ ሌሊት መንታ ተወለደ፤ አንዱ አለፈ።"
ከናርቫ ዚናይዳ፣ የኛን ቋንቋ የማትችል፣ በራሷ ፊደል ሁለት ገጽ ሞላች፤
ቢጨንቃት ነው መሰለኝ፣ የእንስላል ዘር ጠቅልላ ጨመረች።
ተራ የደረሰው ሄይኖ፣ ጡረተኛ፣ ዘሩን በመስኮቱ ዘራ፤
በሰኔ ፎቶ ላከላት፤ በሁለቱ መሐል እንስላሉ ነበር የሚያወራ።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አድራሻዬ ነበርና
የያዛት ሁሉ ካርድ ይልክልኛል፦ "ደህና ናት፣ ደህና።"
እኔ፣ ከእናቴ ሞት ወዲህ ደብዳቤ የማይመጣልኝ ሴት፣
የፖስታ ሣጥኔን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት።

በአምስተኛው የብርድ ወራት ከቱሪ ካርድ መጣ፣
ጽሕፈቱ ጎባጣ።
"ስሜ ኡርማስ ነው፤ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነበርኩ፤
መጋዙ ቀኜን ወሰደው፤ በግራ መጻፍ ተማርኩ።
ጓንት ስገዛ ግን ዋጋው የሁለት እጅ ነው፤
ቀኝ ቀኙን መሳቢያ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ ዘጠኝ ደርሰዋል።
ይህቺን አጠለቅኋት።
ምንም የጎደላት ነገር የለም።"

መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ ቆምኩ።
አምስት ዓመት ሙሉ እኛ ስናስስ ቀኟን፣
እሷ ስትፈልግ ኖራለች ቀኝ የሌለውን።

"በቃ፣ ደረሰች" አልኩ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ከፋኝ፤
ከእንግዲህ ማን ካርድ ሊልክልኝ?

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሲላላ፣
አንድ ጥቅል መጣ፣ በገመድ የታሰረ፣ ዳር ዳሩ የላላ።
እሷው ናት። ደብተሩ ተነፍቶ አይዘጋም።
"ሞቀችኝ" ይላል ኡርማስ፣ "ይዣት ብቀር ግን
የነዚህ ሰዎች ወሬ እኔ ደጅ ላይ ይቆማል።
ለእጄ ሌላ እገዛለሁ። አንቺ አዙሪያት፤
ተራዬ ዳግም ሲደርስ አትርሺኝ።"
ከሥር ዘጠኝ ቀኝ ጓንት፣ ዋጋቸው እንደተለጠፈ፣
"ምናልባት ግራ የሌለው ታውቂ እንደሆነ" ብሎ ጽፏል።

ያን ማታ ደብተሩን ገለጥኩ፤ እኔ እስከዛሬ አልጻፍኩበትም።
ቀኑን ጻፍኩ። ባሕሩ ጸጥ ማለቱን ጻፍኩ።
የአንድ ሕፃን ቦቲ ማግኘቴን፣ የእናቴን ስም፣
ሌላም፣ የማልነግራችሁን።
ፖስታውን አሸግሁ፤
ቴምብሩን ስልሰው እንስላል እንስላል አለኝ።